ተራ ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት

ሥራዬ ፖስታ መቅደድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቀደድኩ፤
የሰው ምኞት ቁጥር ሰጥቼ በመደርደሪያ ሰደርኩ።
ሞንቴቪዴዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ወደቡ፤
በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ካርቶኖች ሲደራረቡ፣
ቀራፂው፣ ከበሮ ጠራቢው፣ አሻንጉሊት የምትሰፋው፣
ሸራ ቢያጣ የአባቱን በር በሥዕል የሞላው፣
እያንዳንዱ በሦስት መቶ ቃል ነፍሱን ሊያስመዝን ይመጣል፤
ሦስት መቶ አንደኛዋን ቃል ኮምፒውተራችን ይቆርጣል።
ስንቱን አነበብኩ መሰላችሁ፣ ማሰሪያ አንቀጹ የጠፋ፦
«ይህ ገንዘብ ቢሰጠኝ እጄ እንደገና...» ይረፍ? ይዳን? ወይስ ይልፋ?
እኔም አንዴ ሞልቼ ነበር፤ የት እንዳለ መሳቢያዬ ያውቃል፤
እሱ ይቆየን፤ ለዛሬ የሷ ይበቃል።

ኤቴልቪና ቤንታንኮር። እንጨት ቀርጻ የምታትም፣
ሌሊት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ ቀን እናት ማስታመም።
አንሶላ ታጥፋለች፣ በእንፋሎት መሀል፣ ማዕዘን በማዕዘን፣
የተወለዱበትንም የሞቱበትንም፣ ሳታዳላ፣ በአንድ ሚዛን።
ዘጠኝ ዓመት አመለከተች። ዘጠኝ ዓመት «እናዝናለን» አልኳት፤
(ደብዳቤው ታትሞ ነው የሚቀመጥ፤ ስሟን ብቻ ጨመርኩበት።)
«የሥራ ዕቅድዎን ያብራሩ» ለሚለው
መልሷ በየዓመቱ ያው ነው፦
«እንጨት በቀን ብርሃን ማየት እፈልጋለሁ።»
«ዕቅድ ነው ወይስ ስለት?» ብለው ሳቁ።
ሳቁን ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም።

በአሥረኛው፣ ገንዘብ ተርፎ ይሁን፣ ተፎካካሪ ጠፍቶ፣
ወይ ሰብሳቢው ከደህና ምሳ በኋላ ሆዱ ራርቶ፣
ወጣላት፦ ሦስት ወር፣ አትላንቲክ ዳር፣ አሮጌ የባሕር መብራት ቤት፤
አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ማተሚያ፣ የዓሣ ሾርባ ከጎረቤት፤
ለምግብ ይህን ያህል፣ ለቀለም ይህን ያህል፤ እናት ለሚጠብቅ ምንም።
ቅጻችን «እናት» የሚል መስመር የለውም።

ሄደች። እናቷ እህቷ ጋ፣ ደሞዟ ሆስፒታሉ ጋ ቀረ።
በስድስተኛው ሳምንት የመብራቱ ዘበኛ ዶን ኢሳውሮ ደወለ፦
«ይቺ የላካችኋት ሴትዮ ምን ሆና ነው? ትተኛለች።
ማተሚያው ላይ ሸረሪት ድር አድርቷል። እኩለ ቀን ትነሳለች፤
አንድ ሳንቃ ታቅፋ ደጅ ትቀመጣለች፤ ታየዋለች፤
ጥላው ሲዞር አብራ ትዞራለች፤ ከዚያ ገብታ ትተኛለች።»
«መተኛት በደንባችን አልተከለከለም» አልኩት፤
ስልኩን ዘግቼ ግን ደንቡን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ሪፖርቷ በመጋቢት መጣ። «የተገኘ ውጤት» በሚለው ሥር፦
«የሃያ ዓመት እንቅልፍ ዕዳ ነበረብኝ፤ ከፈልኩ።
ስነቃ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኝ ነበር።
አንድ ሥራ ተያይዟል።
ለቀለም የተሰጠኝን፣ ስላልነካሁት፣ መልሻለሁ።»
በሃያ ሁለት ዓመቴ ገንዘብ ሲመለስ አላየሁም፤
የሚመዘገብበት መዝገብም የለንም።

ሥራው ነጭ ወረቀት ነው። ነጭ። ሰብሳቢው ገለበጠው፣
ጀርባውም ነጭ። «ባዶ ነው» ብሎ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።
ሁሉም ወጡ። ፀሐይ ከወደቡ ክሬኖች ሥር ዝቅ ስትል
በጎን ገባች፣ በጠረጴዛዬ ላይ ልትንከባለል፤
ያኔ አንድ መስመር ታየኝ። ከዚያ ሌላ መስመር።
እንጨቱ ያለ ቀለም ተጭኖ የተወው ጠባሳ ነበር፦
ዓመት በዓመት ላይ የዞረ ቀለበት፣ ጉጥ፣ የነቀዝ መንገድ፣
መሀሉ ላይ የታጠፈ ነገር፣ አንሶላ ይሁን ማዕበል።
በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ይሞቃል ብዬ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው።
ብርሃኑ ሊሄድ ነው፤ ማንንም አልጠራሁም።

ከዚያ ልማዴ ቀደመኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ክንዴ፦
ማኅተሙን አነሳሁ፣ እፍ አልኩበት፣ መታሁ፣ እንደ ልማዴ።
«ገቢ ሆኗል።»
ወይን ጠጅ ቀለም፣ ከታች፣ በቀኝ በኩል፣
ሠዓሊ በሚፈርምበት ቦታ።